ሁለቱ በሮች፦ በዩኒክስ ሥርዓቶች ላይ የሕትመት ወረፋን ስለ ማስተዳደር

(ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ ለኮምፒውተር ላብራቶሪና ለኔትወርክ ባለሙያዎች በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ ነው።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ በማጠቃለያ ፈተና ዋዜማ የፈጸምሁትን ስሕተት በመናገር ልጀምር። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የሚሰጡ የአምስት ትምህርቶች ፈተናዎች በአንድ ሌዘር ፕሪንተር ላይ በየተራ እየታተሙ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሰርቨሩና ፕሪንተሩ ሲመለሱ፣ ከግማሽ በላይ ደርሶ የነበረው የመጀመሪያው ፈተና ካቆመበት ሳይሆን ከአንደኛው ገጽ እንደገና መታተም ጀመረ። ወረቀቱ ተቆጥሮ የተሰጠን ስለ ነበር ደነገጥሁ፤ በድንጋጤም ወረፋው ላይ የነበረውን ሥራ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሰረዝሁት። ከተሰረዙት መካከል ግን መምህራኑ ከሰዓት በኋላ ልከው ወደየቤታቸው የሄዱባቸው አራት ፈተናዎች፣ እንዲሁም እኛ ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሲያዘጋጁት የዋሉት የተፈታኞች ስም ዝርዝር ነበሩበት። ሌሊቱን መምህራንን በስልክ ስንቀሰቅስ አደርን። እትዬ ጠዋት ገብተው የሆነውን ሲሰሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ የእኔ ወረቀት ምን አጠፋ?»

የእርሳቸው ሥራ ምንም አላጠፋም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም ስለ ቸኮልሁ ብቻ ሳይሆን ወረፋው እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ ስላልተረዳሁ ነው። በዚያ ምሽት የወረፋውን መውጫ መዝጋት ይበቃኝ ነበር። መውጫውንና መግቢያውን ለይቶ መዝጋት እንደሚቻል ግን በቃል እንጂ በተግባር አላውቅም ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ልዩነት ነው።

ወረፋ ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ እንመልከት። ዩኒክስ፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓተ ክወና፣ ገና ከልጅነቱ ከወረቀት ጋር ያደገ ነው። ዩኒክስ በተሠራበት የአሜሪካ የምርምር ተቋም በቤል ላብራቶሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ለዕለት ተዕለት ሥራ ከተጠቀሙበት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንዱ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻዎችን የሚያዘጋጀው ክፍል ነበር፤ ሥራውም ጽሑፍ መጻፍ፣ ማስተካከልና ማተም ነበር። ኮምፒውተር በቅጽበት የሚያዘጋጀውን ገጽ ፕሪንተር አትሞ የሚጨርሰው በብዙ እጥፍ ዘግይቶ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ያለ አስታራቂ በአንድ ፕሪንተር ላይ በቀጥታ ቢጽፉ ደግሞ የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ስለዚህ በመካከል ሌላ ፕሮግራም ይቀመጣል። ሰነዱ በቅድሚያ በዲስክ ላይ ስፑል በሚባለው ማኅደር ይገለበጣል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘወትር ከበስተጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም ተራውን ጠብቆ ወደ ፕሪንተሩ ይልከዋል። በመናኸሪያ ያለውን ተራ አስከባሪ አስቡ። መኪናውን አይነዳም፣ ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድም አይወስንም፤ ማን ቀድሞ እንደ መጣና የትኛው መኪና እየጫነ እንደ ሆነ ግን ያውቃል። የእኛ የሕትመት ፕሮግራምም ሥራው ይኸው ነው።

«ይገለበጣል» ያልሁትን ልብ በሉልኝ። ሰነዱ አንዴ ወደ ወረፋው ከተገለበጠ በኋላ ባለቤቱ ዋናውን ፋይል ቢያርመው ወይም ቢያጠፋው ወረፋው ላይ ያለው ቅጂ አይለወጥም። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው አሮጌ የዩኒክስ ዝርያ ውስጥ ግን «ኤል-ፒ-አር» የሚባለውን የማተሚያ ትእዛዝ ከሰረዝ ኤስ (-s፣ ከትእዛዙ ቀጥሎ ከሚጻፉት አማራጮች አንዱ) ጋር የሚጠቀም ሰው ፋይሉ ሳይገለበጥ ወደ እርሱ የሚያመለክት ማያያዣ ብቻ ይቀመጥለት ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ታትሞ እስኪያልቅ ድረስ ዋናውን ፋይል መንካት አይገባም፤ በመካከል የተነካ እንደ ሆነ የሚታተመው የተነካው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር አለ። በዩኒክስ ውስጥ «ጆብ» ወይም «ሥራ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። የመጀመሪያው በተርሚናላችን፣ ማለትም ትእዛዝ በምንጽፍበት መስኮት፣ ላይ የምናስጀምረው ሥራ ነው። እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ኮንትሮልንና ዜድን በአንድነት ተጭነን ለጊዜው እናቆመዋለን፤ «ቢ-ጂ» ብለን ከበስተጀርባ እንዲቀጥል፣ «ኤፍ-ጂ» ብለን ወደ ፊት እንዲመለስ እናደርገዋለን፤ «ጆብስ» ብለንም ዝርዝሩን እናያለን። ይህን አሠራር ሲ-ሼል በሚባለው ሼል (የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ በሚያስፈጽም ፕሮግራም) ውስጥ በመጀመሪያ የሠራው በኦስትሪያ፣ ላክሰንበርግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሥርዓት ትንተና ተቋም ይሠራ የነበረው ጂም ከልፕ ነው። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ሼሎች ሁሉ የሚገኘው የዚያ ሥራ ዘር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ የምንነጋገርበት የሕትመት ሥራ ነው። የሕትመት ሥራ ተርሚናልን አያውቅም። «ኤል-ፒ» በሚባለው የማተሚያ ትእዛዝ ሰነዱን የላከ ተማሪ ትእዛዙ የሥራ ቁጥር ሰጥቶት ሲመለስ የተርሚናሉ ድርሻ አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና ሲን ቢጫን፣ ተርሚናሉን ቢዘጋ፣ ኮምፒውተሩንም አጥፍቶ ቢወጣ በሰርቨሩ ላይ ያለው ወረፋ ይቀጥላል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ሕትመቱን ለማስቆም ሲል ተርሚናሉን ይዘጋል፤ ወረቀቱ መውጣቱን አላቆም ሲልም ወደ ፕሪንተሩ ሮጦ ገመዱን ይነቅላል። ገመድ መንቀል ሥራውን አይሰርዘውም፤ ገመዱ ሲመለስ ሥራውም ተመልሶ ይመጣል።

ሥራው ከተርሚናሉ ተላቅቆ ወደ ወረፋው ከገባ በኋላ የሚመለከተን የወረፋው አሠራር ነው። ወረፋ ሁለት በሮች አሉት። በአንደኛው አዲስ ሥራ ወደ ወረፋው ይገባል፤ በሁለተኛው ተራው የደረሰ ሥራ ወደ ፕሪንተሩ ይወጣል። ሁለቱ በሮች እርስ በርሳቸው አይተሳሰሩም፤ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። ብዙ ባለሙያዎች፣ እኔም በዚያ ምሽት፣ ወረፋን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ አድርገን እናስባለን፤ በርቷል ወይም ጠፍቷል እንላለን። እንዲህ የሚያስብ ሰው ቶነር ለመቀየር ሲፈልግ ሰርቨሩን ያጠፋል፤ ወረቀት በተያዘ ቁጥርም ወረፋውን ባዶ ያደርጋል።

በእርግጥ ለዚህ መደናገር የትእዛዞቹም ስም ተጠያቂ ነው። በዩኒክስ ታሪክ ሁለት የሕትመት ወገኖች ጎን ለጎን አድገዋል። የበርክሌዩ ወገን «ኤል-ፒ-አር» ብሎ ያትማል፣ «ኤል-ፒ-ኪው» ብሎ ወረፋውን ያያል፣ «ኤል-ፒ-አር-ኤም» ብሎ ይሰርዛል፣ «ኤል-ፒ-ሲ» በሚባለው መሣሪያም ወረፋውን ያስተዳድራል። ሲስተም ፋይቭ የሚባለው የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ የዩኒክስ ዝርያ ወገን ደግሞ «ኤል-ፒ» ብሎ ያትማል፣ «ኤል-ፒ-ስታት» ብሎ ያያል፣ «ካንስል» ብሎ ይሰርዛል። ይህ ልዩነት በአንድ ቀን ይለመዳል። አደገኛው ልዩነት «ዲስኤብል» በሚለው ቃል ላይ ያለው ነው። በበርክሌዩ «ኤል-ፒ-ሲ» ውስጥ «ዲስኤብል» ማለት መግቢያውን መዝጋት ነው፤ መውጫው የሚዘጋው «ስቶፕ» በሚለው ነው። በሲስተም ፋይቭ ግን «ዲስኤብል» ማለት መውጫውን መዝጋት ሲሆን፣ መግቢያው የሚዘጋው «ሪጄክት» በሚለው ነው። አንድ ቃል በሁለት ቤት ሁለት ተቃራኒ በሮችን ይዘጋል ማለት ነው። በአንደኛው ቤት ተምሮ በሌላኛው ቤት የሚሠራ ሰው ወረቀት እያስተካከለ ሳለ ፕሪንተሩ ቢጀምርበት ሊደነቅ አይገባውም።

ዛሬ በሊኑክስና በማክ ላይ የምናገኘው ካፕስ የሚባለው የሕትመት ፕሮግራም የሁለቱንም ወገኖች ትእዛዞች ይቀበላል። ማይክል ስዊት ካፕስን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ1999 ነው፤ አፕል በ2002 በራሱ ሥርዓት ውስጥ አስገባው፣ በ2007ም የፕሮግራሙን ባለቤትነት ገዛው። ከካፕስ በፊት የነበረው የኤል-ፒ-ዲ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች ሥራውን የሚቀባበሉበት ደንብ)፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1990 በጽሑፍ የተመዘገበውና በፖርት 515 የሚሠራው፣ ስለ ሥራው ሁኔታም ሆነ ስለ ላኪው ማንነት ብዙ የሚናገረው አልነበረም። ካፕስ የተመሠረተው አይ-ፒ-ፒ በሚባለው በፖርት 631 በሚሠራው ፕሮቶኮል ላይ ነው። ካፕስ የበሮቹንም ስም አጥርቶልናል። መውጫው በ«ካፕስዲስኤብል» ይዘጋል፣ በ«ካፕስኢኔብል» ይከፈታል፤ መግቢያው በ«ካፕስሪጄክት» ይዘጋል፣ በ«ካፕስአክሴፕት» ይከፈታል። «ካፕስ» የሚለው ቅጥያ በስማቸው መጀመሪያ ላይ የተጨመረው ባሽ የሚባለው ሼል «ኢኔብል» የሚል የራሱ ውስጣዊ ትእዛዝ ስላለው፣ የሕትመቱ ትእዛዝ ከእርሱ ጋር እንዳይጋጭ ነው። የሁለቱን በሮች ሁኔታ ለማየትም ሁለት ጥያቄ አለ፤ «ኤል-ፒ-ስታት» ከሰረዝ ኤ ጋር መግቢያው ክፍት መሆኑን ይነግረናል፣ ከሰረዝ ፒ ጋር ደግሞ መውጫውን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ ሰረዝ ቲን ይጠቀም።

አሁን የትኛው በር መቼ እንደሚዘጋ እንይ። ቶነር ሲያልቅ፣ ወረቀት ሲያዝ፣ የወረቀት መጠን ሲቀየር፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚዘጋው መውጫው ብቻ ነው። መግቢያው ክፍት ስለሚሆን ሰዎች እንደ ወትሮው ይልካሉ፤ ሥራቸውም ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ማንም ተመልሶ መላክ አያስፈልገውም። «ካፕስዲስኤብል» ከሰረዝ አር ጋር ምክንያት ይቀበላል። «ቶነር እየተቀየረ ነው፤ የላካችሁት አልጠፋም፤ ደግማችሁ አትላኩ» ብላችሁ ጻፉበት፤ የወረፋውን ሁኔታ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ይታየዋል። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ የማይተጋ አስተዳዳሪ ከባድ ዋጋ ይከፍላል። ወረቀቱ አልወጣ ያለው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነውና፤ የማተሚያውን ምልክት ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል። መውጫው ሲከፈት አንድ ደብዳቤ ስድስት ሰባት ጊዜ ይወጣል፤ ወረቀት የሚያልቀው እንዲህ ነው።

መግቢያው ብቻ የሚዘጋው ደግሞ በተቃራኒው ጊዜ ነው። ፕሪንተሩ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ነው እንበል፤ ወይም ላብራቶሪው በ11 ሰዓት ይዘጋል። በዚህ ጊዜ አዲስ ሥራ መቀበል እናቆማለን፤ ቀድሞ የገባው ግን እስኪያልቅ ይታተማል። ሰው በተራው ጠብቆ ሳለ «ሰዓት አልቋል» ተብሎ አይመለስም፤ ያልገባውም በከንቱ አይጠብቅም። ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ መዝጋት የሚያስፈልገው እምብዛም ነው፤ ፕሪንተሩ ተበላሽቶ መቼ እንደሚመለስ የማይታወቅ ሲሆን ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያን ጊዜም ቢሆን በወረፋው ላይ የቀሩትን ሥራዎች መሰረዝ ግድ አይደለም። «ኤል-ፒ-ሙቭ» የሚባለው ትእዛዝ አንድን ሥራ፣ ወይም የአንድን ፕሪንተር ወረፋ በሙሉ፣ ወደ ሌላ ፕሪንተር ያዛውራል። መውጫውን ዘግቶ መግቢያውን ለብዙ ቀን ክፍት መተው ግን ሌላ ችግር ይወልዳል፤ የሚከማቸው ሥራ ሁሉ በዲስክ ላይ ነውና ዲስኩ ሲሞላ ወረፋው ብቻ ሳይሆን በዚያው ዲስክ ላይ የሚጽፈው ሌላው አገልግሎት ሁሉ ይቆማል።

በሮቹን የምንዘጋውና የምንከፍተው ለወረፋው በሙሉ ነው። አንድን ሥራ ለይቶ ማቆየትም ይቻላል፤ በዚያ ምሽት የረሳሁት ሌላው ነገር ይህ ነው። «ኤል-ፒ» ከሰረዝ አይና ከሥራው ቁጥር ጋር ሆኖ በትልቁ ኤች (-H) «ሆልድ» ሲባል፣ ያ ሥራ ብቻ ተራውን ለቅቆ ይቆማል፤ ከኋላው ያሉት ያልፋሉ፤ «ሪዙም» ሲባል ይመለሳል። ቅደም ተከተልም ይለወጣል። እያንዳንዱ ሥራ ከ1 እስከ 100 የሚደርስ የቅድሚያ ቁጥር አለው፤ ካልተነገረው 50 ይይዛል፤ በሰረዝ ኪው ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ግን መታተም የጀመረውን አያቋርጥም፤ እርሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ባለ 400 ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቅድሚያው 100 ቢሆንም እንኳ 400ውን ገጽ መጠበቁ አይቀርም። ስለዚህ ትልልቅ ሥራዎችን ከመጀመራቸው በፊት ይዞ ለሌሊት ማቆየት ብልህነት ነው።

ሌሊትን ካነሣሁ ስለ ሰዓት ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ኤች ሰዓትም ይቀበላል፤ ሥራው በዚያ ሰዓት ይታተማል። ካፕስ የሚረዳው ሰዓት ግን የኢትዮጵያ ሰዓት አይደለም፤ የኮምፒውተሩ የአካባቢ ሰዓትም አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት (ዩ-ቲ-ሲ) ነው፤ እርሱም ከእኛ የአካባቢ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሚነሣ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲታተም የፈለገ ሰው 8 ብሎ ቢጽፍ ሥራው የሚወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ላብራቶሪው በተማሪ በተሞላበት ጊዜ ነው። መጻፍ ያለበት 23 ሰዓት ነው። ለራሴ የያዝሁት ሕግ ቀላል ነው፤ 12 ሰዓትን እንደ ዜሮ እየቆጠርሁ፣ የቀን ሰዓት ሲሆን 3 እጨምራለሁ፣ የምሽትና የሌሊት ሰዓት ሲሆን 15 እጨምራለሁ፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 እቀንሳለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት 11 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 1 ይሆናል። «አት» የሚባለው የዩኒክስ ቀጠሮ ያዥ ትእዛዝ ግን በአካባቢ ሰዓት የሚሠራ ስለ ሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ትክክለኛ ሰዓት የማያስፈልገው ሰው ደግሞ ለሥራው የማቆያ ጊዜ «ናይት» የሚለውን ቃል መስጠት ይችላል። ካፕስ ይህን በአካባቢ ሰዓት ይተረጉመዋል፤ ቀን የተላከው ሥራ እስከ 18 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ይቆያል። የካፕስ ሌሊት ከእኛ ሌሊት ጋር የሚገጥምበት ይህ አንድ ስፍራ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ወረፋው በዲስክ ላይ ስላለ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ካፕስ ማኅደሩን አንብቦ ሥራዎቹን ሁሉ መልሶ ያገኛቸዋል። ይህ ትልቅ በጎነት ነው። ነገር ግን በመታተም ላይ የነበረው ሥራ የትኛው ገጽ ላይ እንደ ደረሰ አያውቅምና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚያ ምሽት ማድረግ የነበረብኝ እነሆ፤ መውጫውን መዝጋት፣ የወጡትን ገጾች መቁጠር፣ ያንን አንድ ሥራ ብቻ በቁጥሩ መሰረዝ፣ የቀሩትን ገጾች ብቻ ለይቶ በትልቁ ፒ አማካይነት፣ ለምሳሌ ከ212 እስከ 400 ብሎ፣ በከፍተኛ ቅድሚያ እንደገና መላክ፣ ከዚያም መውጫውን መክፈት። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነበር፤ የእትዬም ዝርዝር በተራው በወጣ ነበር። መብራት በሚመላለስበት ከተማ የምትሠሩ ባልደረቦቼ ትልልቅ ሰነዶችን ከመጀመሪያው በ50 በ50 ገጽ ከፋፍላችሁ ላኩ እላለሁ፤ የሚጠፋው ቢጠፋ ከ50 ገጽ አይበልጥም።

ፕሪንተሩ በራሱ ስሕተት ሲገጥመው ካፕስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የስሕተት መመሪያው ነው። ካልተለወጠ በቀር ልማዱ መውጫውን መዝጋት ነው። ብዙ ጊዜ «ፕሪንተሩ ያለ ምክንያት ቆመ» የምትባሉት በዚህ ነው፤ የኔትወርኩ ገመድ ለአንድ አፍታ ተነቅሎ ይሆናል፤ ገመዱ ተመልሶም መውጫው እንደ ተዘጋ ይቀራል፤ የሚከፍተው ሰው ይፈልጋል። «ሪትራይ-ጆብ» የሚለውን መመሪያ ብትመርጡ በየ30 ሰከንዱ እንደገና ይሞክራል። በኔትወርክ ለተያያዙ ፕሪንተሮች እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሌላው ልብ ልንለው የሚገባው «ተጠናቋል» የሚለው ቃል ነው። በአይ-ፒ-ፒ አንድ ሥራ በመጠባበቅ ላይ፣ ተይዞ የቆመ፣ በመታተም ላይ፣ በመካከል የቆመ፣ የተሰረዘ፣ የተቋረጠ ወይም የተጠናቀቀ ሊሆን ይችላል። ተጠናቀቀ ማለት ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ መረጃውን ለፕሪንተሩ አስረክቧል ማለት እንጂ ወረቀቱ ትሪው ላይ አርፏል ማለት አይደለም። ፕሪንተሩ የተረከበውን መረጃ የሚይዝበት የራሱ ማህደረ ትውስታ አለው። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ከተሰረዘ በኋላም ጥቂት ገጾች ሊወጡ ይችላሉ፤ እነዚያን የሚያስቆመው በፕሪንተሩ ላይ ያለው የመሰረዣ ቁልፍ ነው። ሰነዱ ወጥቷል ብላችሁ ለሰው ከመናገራችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልበል። እዚህ ሐዋሳ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል እየተጻፉ በአንድ ወረፋ ይሰለፋሉ። የላቲኑ በሰላም ሲወጣ የግእዙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የወረፋው አይደለም፤ ጽሑፉን ወደ ገጽ የሚለውጠው ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ የግእዝ ፎንት፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል፣ ስላላገኘ ነው። የግእዝ ፊደላት ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ው እትም ሲሆን፣ አሁን ነጻ ፎንት ሞልቷል። አስተማማኙ መንገድ ሰነዱን ፎንቱን በያዘ ፒዲኤፍ መልክ መላክ ነው፤ ፎንቱ መያዙንም «ፒዲኤፍ-ፎንትስ» በሚባለው ትእዛዝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይቻላል።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ እጨምራለሁ። አንድ ወጣት ባለሙያ «ጋሼ፣ አለቃ መጥቶ የእኔን አስቀድምልኝ ቢለኝስ?» ሲል ጠየቀኝ። የቅድሚያ ቁጥሩ የተሠራው ለዚህ ዓይነት ጊዜ ስለ ሆነ መጠቀሙ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የሌላውን ሥራ ሰርዞ ማስቀደም ተገቢ አይደለም፤ ካፕስ ሥራውን ሳያጠፋ ተራውን መለወጥ ይችላልና። ማን ምን ያህል እንዳተመ በገጽ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ስለሚቻል፣ በአንድ ሰው ላይ የሚበዛውን ወረቀት በቃል ከመከራከር ይልቅ በሳምንት የገጽ ገደብ በማበጀት ማስተካከል ይቀላል፤ ካፕስ ጊዜውን በሰከንድ ስለሚቆጥር ለአንድ ሳምንት 604800 ብላችሁ ትሰጡታላችሁ።

አንዲት መምህርት ደግሞ ፈተና ከታተመ በኋላ በሰርቨሩ ላይ ይቀር እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አዎን፣ ይቀራል። በካፕስ ማኅደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሥራ በሲ የሚጀምር የመቆጣጠሪያ ፋይልና በዲ የሚጀምር የሰነዱ ቅጂ አለ፤ መመሪያው ካልተለወጠ ቅጂው ከታተመ በኋላም 86400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን፣ ይቆያል። ተራ ተጠቃሚ ሊከፍተው አይችልም፤ የአስተዳዳሪ መብት ያለው ሁሉ ግን ይችላል። እኔ አሁን ለፈተና የተለየ ወረፋ አቋቁሜ ላኪዎቹን በስም እወስናለሁ፤ በዚያ ሰርቨር ላይ ቅጂ እንዳይቆይ አድርጌያለሁ። የመጨረሻው ፈተና ሲወጣ መግቢያውን እዘጋለሁ፤ የቀረ ሥራ ካለ «ካንስል» ከሰረዝ ኤክስ ጋር ብዬ ከነፋይሉ አጠፋዋለሁ፤ ማኅደሩንም ከፍቼ በዲ የሚጀምር ፋይል አለመኖሩን ካየሁ በኋላ ነው የክፍሉን ቁልፍ ለፈተና ኮሚቴው የማስረክበው።